ጭስ የማይወድ እንግዳ

ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ሽሮ ሜዳ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስሜ ሳምሶን ይባላል። ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም ነበር ስል ጎጃሞች ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። የሰፈሬ ሰዎች ደግሞ ምን ልትሠራ ትሻገራለህ ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለሰፈሬ ሰዎች ነው። ተሻግሬ፣ አምስት ቀን ቆይቼ ተመልሻለሁ። የሄድኩት አንድ መስታወት ላደርስ ነበር፤ የተመለስኩት ግን ደረቴን ነፍቼ ነው፣ ይቅርታም አልጠይቅበትም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሥራዬ የቴሌስኮፕ መስታወት ነው። ዶክተር ትርንጎ የምትባል የአማኑኤል ከተማ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆና አንዲት ትንሽ የጠፈር ቴሌስኮፕ ነድፋለች፤ እኔና ሌሎች ጥቂት ሰዎች ከያለንበት አግዘናታል። ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ናት፣ ከአንድ የለስላሳ ሣጥን ብዙ አትበልጥም። ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ጋላክሲ ሲባል ብዙ ሰው በፎቶ የሚያየውን የከዋክብት ክምችት ብቻ ያስባል። በዙሪያው ግን በጣም የሳሳ ጋዝ ከቦታል። ከዋክብት የሚወለዱት ከዚያ ጋዝ ነው፤ ሲፈነዱም ሆዳቸው ውስጥ ያለውን መልሰው ወደዚያው ይተፉታል። ጋዙ ያለቀበት ጋላክሲ አዲስ ኮከብ አይወልድም፤ በእኛ ሙያ “ሞቷል” እንለዋለን። ችግሩ፣ ይህ ጋዝ የሚሰጠው ጭላንጭል አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዐይናችን የማያየው ብርሃን ነው፤ ያንን ደግሞ የምድር አየር ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሊያየው የፈለገ ከአየሩ በላይ መውጣት አለበት።

ወደ ላይ የሚያወጡልን የውጭ አጋሮቻችን ንድፉን ወደውታል። ያልወደዱት አንድ ነገር ነው፤ ቴሌስኮፗ ደብረ ማርቆስ ላይ ትገጣጠም መባሉን። መስታወቱ ያን መንገድ አይችለውም አሉ። ትርንጎ ግን የውጭ ሥራዋን ትታ የመጣችው፣ ላቦራቶሪውንም ከባዶ ክፍል ያቆመችው፣ ነድፈን ለሰው አንሰጥም፣ በእጃችን እንገጥማታለን ብላ ነው። ስለዚህ ውርርድ የመሰለ ስምምነት አደረገች። አንድ የሙከራ መስታወት ይላኩ፤ ማርቆስ ደርሶ ሲለካ እንደተላከ ከሆነ ግጥሚያው እኛ ጋ ይሆናል፤ ከቆሸሸ ሁሉም ነገር ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እሷም አፏን ትዘጋለች። መስታወቱን ከኤርፖርት ተቀብሎ ማርቆስ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ።

የዚህ መስታወት ጠላቱ መሰበር ብቻ አይደለም፣ ቅባትና እርጥበት ነው። ከጣት፣ ከጭስ፣ ከናፍጣ ሽታ የሚመጣ፣ ዐይን የማያየው ስስ ቅባት ካረፈበት፣ ለእኔና ለእናንተ ያው የሚያብረቀርቅ መስታወት ነው፤ ለአልትራቫዮሌት ግን እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የራሱ መተንፈሻ አለው። ከጎኑ የታሰረች ትንሽ ሲሊንደር ናይትሮጂን የሚባል ደረቅና ንጹሕ ጋዝ ቀስ እያለች ትነፋለታለች። ሲሊንደሯ ካለቀች ሣጥኑ ያለበትን ቤት አየር መሳብ ይጀምራል። ማጣሪያ አለው፣ ግን ማጣሪያው ታምር አይሠራም።

የመጀመሪያው ቀን

በጥቅምት ብርድ፣ ሱቆች ሳይከፈቱ ከአዲስ አበባ ወጣን። ትርንጎ መስታወቱን ልትቀበል ራሷ መጥታ ነበር። መኪናውን የሚነዱት ጋሽ ለገሰ ናቸው፤ በዚህ መንገድ ሲመላለሱ ጺማቸው የሸበተ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው። ገና ሱሉልታ ሳንደርስ ተጣላን። ከፊታቸው ሽቶ ሽቶ የሚል ጌጥ ተንጠልጥሏል፤ ይውረድ አልኩ። ወረደ። ሲጋራቸውንም ተቀበልኳቸው። እጃቸውን የተቀቡትን ቅባት በሳሙና አስታጠብኳቸው። ከጎን ያለችውን የማርያምን ሥዕል ስላልነካሁባቸው እንጂ እዚያው አስፋልት ላይ ያወርዱኝ እንደነበር ቆይተው ነግረውኛል።

ሣጥኑ ከኋላ ወንበር፣ በእኔና በትርንጎ መካከል በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ጃኬቴን አወለቅኩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት እዚህ ቢመጣ ሜዳ ይባል ነበር። ሌላ መንገደኛ ቢሆን ገደሉን ያደንቃል፤ እኔ የሲሊንደሯን መለኪያ አፍጥጬ አያለሁ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ይከብዳልና ሣጥኑን ይጫነዋል፤ ሲሊንደሯ ያን ለመመከት ካሰብኩት በላይ ነፋች። ድልድዩ አጠገብ ያስቆሙን ጠባቂ፣ ቡታጋዝ እንዴት ከሰው ጋር ትጭናላችሁ ብለው ተቆጡ። ቡታጋዝ እንዳልሆነ፣ የማይነድ ጋዝ እንደሆነ አስረዳኋቸው። የማይነድ ጋዝ ለምን እንደሚገዛ አልገባቸውም፤ አልፈርድባቸውም። ብቻ ሣጥኑን ሳይነኩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጎንበስ ብለው አዩትና በሰላም ግቡ አሉን።

ደጀን የከባድ መኪና ከተማ ናት። ምሳ የገባንበት ቤት ጥብሱ ጭሱን እየለቀቀ በመንገዱ ያለውን ሰው በአፍንጫው ይጎትታል። ለእኛ ግን ያ ሽታ ጠላት ነው። መኪናውን ራቅ አድርገን አቆምንና ተራ በተራ ልንበላ ተስማማን። አስተናጋጇ አዝናልኝ ትሪውን እስከ መኪናው ይዛልኝ ስትመጣ ዘልዬ ወርጄ ከነትሪዋ ወደ ኋላ መለስኳት። ቀጥሎ ያደረገችውን ሽሮ ሜዳ አይቼው አላውቅም። አጥር ሥር፣ ነፋሱ ከመኪናው ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል አቆመችኝና በልቼ እስክጨርስ ትሪውን በእጇ ይዛልኝ ቆመች። ሰፈሬ ቢሆን ሒሳቡን ተቀብለው ሲያበቁ እብድ ነው ይሉኝ ነበር።

ከደጀን ብዙ ሳንርቅ፣ ኑጉ ቢጫ አበባውን በዘረጋበት ሜዳ መካከል፣ ናፍጣ ሸተተኝ። ጋሽ ለገሰን አቁሙ ብዬ ጮህኩባቸው። የነዳጁ ቱቦ ፈንድቷል፤ ናፍጣው ከወለሉ ሥር ይንጠባጠባል፣ ሽታው ገብቶ መኪናውን ሞልቶታል። ሣጥኑን አቅፌ ወጣሁ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጋሽ ለገሰ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና በሚያልፍ አይሱዙ ተሳፍረው ቱቦ ፍለጋ ወደ ደጀን ተመለሱ። ስልክ ኔትወርክ የለውም። ፀሐይ እየወረደች ነው። ሲሊንደሯን አየኋት፤ እስከ ንጋት አትደርስም።

ከማሳ የሚመለሱ አንድ ሰው ደረሱብን፤ አያ ስማቸው እንደሚባሉ ኋላ አወቅን። የጤናችንን፣ የመንገዱን፣ የአዲስ አበባን ሁሉ ደኅንነት ጠየቁ። ከዚያ ቤታቸው እዚያ ማዶ የሚታየው መሆኑን፣ እንደማናልፈው ነገሩን። ባለ ቆርቆሮ አዲስ ቤት ነው፣ ማድ ቤቱ ለብቻው ከጓሮ። ግን ከዋናውም ቤት ጭስ ይወጣል፤ ለብርዱ መካከል ላይ ምድጃ አለ። ደጁ ላይ ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺዓለም ወጥተው ሣጥኑን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ወደ ኋላ አልኩ። እኛ ውጭ እንሆናለን አልኩ። አያ ስማቸው ፊታቸው ተለወጠ፣ የእንግዳ ዕቃ ደጅ አያድርም አሉ። እኔ ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ፤ አፌ ያመጣውን ተናገርኩ።

“ቤታችሁ ይጨሳላ።”

ለሰው ቤት እንዲህ አይባልም፤ ሽሮ ሜዳም አይባልም። ትርንጎ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሳትቆጣኝ እኔን አልፋ ሄዳ ወይዘሮ የሺዓለም አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻቸው። ውጭ እንዳናሳድረው ጤዛና ጉም አለ፣ መኪናው ናፍጣ ሆኗል፤ ሣጥኑ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለበትን አየር ይተነፍሳል። መስታወቱ ከቆሸሸ ማርቆስ ልትገጥማት ያሰበቻት ቴሌስኮፕ ወደ ሰው አገር እንደምትሄድ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ቴሌስኮፗ ምን እንደምታይ ሲጠይቋትም ወደ ማዶው መንደር አመለከተች። ከዚህ ሆናችሁ በየትኛው ቤት ሰው እንዳለ፣ በየትኛው ምግብ እየበሰለ እንደሆነ በጭሱ ታውቃላችሁ አይደል አለቻቸው። እኛም ከሩቅ ሆነን በከዋክብት መንደር ዙሪያ ያለውን እንደ ጭስ የሳሳ ነገር አይተን የትኛው በሕይወት እንዳለ፣ የትኛው እንደሞተ እንለያለን አለቻቸው።

ወይዘሮ የሺዓለም አሰቡ።

“ጭስ ለማየት የተሠራ ዕቃ ጭስ አይችልም?” አሉ። “እንግዲህ ይሄ ሠርግ ሄዶ ከበሮ አስቸገረኝ እንደሚል ሰው ነው።”

ተነሥተው ገቡ። ተቀይመው የገቡ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ፍሙን በሰፊ ገል ይዘውታል፤ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ አበባ ቤት አቀኑ። ተመልሰው ሌላውን አወጡ። የቀረውን በአመድና በውሃ አጠፉት፣ ምድጃውን ጠረጉ፣ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ። አያ ስማቸውም የሚጨሰውን ጉማጅ እያነሡ ወደ ጓሮ ይወስዳሉ። ያ ምድጃ ማታ ማታ እየተዳፈነ፣ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ጠፍቶ እንደማያውቅ የነገረችኝ ትርንጎ ናት።

“ለሱ ቦታ እንዲለቅ፣ እሳቱን አበባ ቤት እንግዳ ላክሁት” አሉ ወይዘሮ የሺዓለም። “ግቡ እንጅ አሁን።”

ሣጥኑ ገባ። መደብ ላይ፣ በንጹሕ ነጠላ ላይ ተቀመጠ። የሲሊንደሯን አፍ የመጨረሻውን ያህል አጠበብኩት። ገና ሳንቀመጥ ግን ደጁ በሰው ተሞላ። ወይዘሮ አበባ እሳቱን የተቀበሉት ግራ ተጋብተው ነበርና ተከትለው መጡ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው እየተደገፉ፣ ከታች ሁለት ሴቶች እየሮጡ ደረሱ። በዚያ ሰዓት ከዚያ ቤት ጭስ ባለማየታቸው ሰው የሞተ፣ ወይም የታመመ መስሏቸዋል። አንደኛዋ ለቅሶ ለመድረስ መቀነቷን አጥብቃ ነው የመጣችው። ማንም እንዳልሞተ፣ ጭስ የማይወድ እንግዳ እንደመጣ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን እስኪገባቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ከዚያ ሁሉም ሄዱና ተመለሱ፤ ይህኛዋ ትኩስ ድንች፣ ያችኛዋ ዳቦ፣ ወይዘሮ አበባ ደግሞ በድስት ሙሉ ወጥ ይዘው። በጥቅምት አንድ አጥንት እያሉ ከአጥሩ ውጭ ቆመን በላን። እኔ ግን ከምግቡ ይልቅ በዚያ ነገር ተገርሜ ነበር። ስንት ዓመት በስብሰባና በሥዕል ለማስረዳት የለፋንበትን፣ ጭሱ ሲጠፋ ቤቱ ሞተ ማለትን፣ እነዚህ ሰዎች እየሮጡ መጥተው አሳዩኝ።

ቤተሰቡ ያን ሌሊት ያለ እሳት፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ አደረ። ሲሊንደሯ ሳይነጋ አለቀች።

ሁለተኛው ቀን

ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነጋ። ኔትወርኩ መጥቶ ስለነበር ትርንጎ ማርቆስ ደውላ ሌላ መኪና ከሙሉ ሲሊንደር ጋር አስላከች። ጋሽ ለገሰም ቱቦ ይዘው፣ ለእኔ ደግሞ ትኩስ አምባሻ በወረቀት ጠቅልለው ከደጀን መጡ። ስለ ትናንቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አምባሻውን ሰጡኝና ይህንስ ይሸታል ብለህ ትከለክለኛለህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ስንለይ ወይዘሮ የሺዓለም ስለ አዳራችን ምንም አልፈለጉም። አንድ ነገር ብቻ ለትርንጎ ነገሯት፤ ደኅንነቱን አሰሙኝ አሏት። ካልዳነ አገር ነው የሚስቅብኝ፣ የሺዓለም ለመስታወት ብላ ምድጃዋን አጠፋች እየተባለ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይወራል አሏት። እየሳቁ ነበር የሚናገሩት፣ ግን ቀልድ አልነበረም። ያን ጊዜ የትርንጎ ጭንቀት ላይ አንድ ሌላ ሰው ተደረበ። እኔም የተሸከምኩት ከበደኝ።

ደብረ ማርቆስ ገና ስገባ ወደድኳት። ሰማይዋ ሰፊ ነው፤ ባጃጁ እንደኛ ሰፈር ሚኒባስ አይሳደብም። ላቦራቶሪው ደጅ ላይ ልብስ ለውጠን፣ ፀጉራችንን ሸፍነን ገባን። መስታወቱ የሚለካው አየሩ ሁሉ ተመጥጦ በሚወጣበት ትልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ ነው፤ እነ ትርንጎ “ጋኑ” ይሉታል። ያ ብርሃን በአየር ውስጥ አያልፍምና ሌላ መለኪያ መንገድ የለም። እንደደረስን ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መስታወቱ ጥርት ብሎ ፊቴን አሳየኝ፤ ምንም አልተጽናናሁም፣ ለዐይን ሁሌም እንዲህ ነው። አስገባነው፣ ጋኑ ተዘጋ፣ መምጠጫው መጮህ ጀመረ። አየሩ እስኪወጣ ቀኑንም ሌሊቱንም፣ ከዚያም በላይ መጠበቅ ነው።

ያረፍኩበት ሆቴል የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበር። ባለቤቷ የእኔን ክፍል ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጥተው ሙቅ ውሃ በባልዲ አመጡልኝ። አይልፉ ብላቸው፣ ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥታ አሳደረች እንድባል ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። በዚህ አገር ሰው የሚፈራው እንግዳውን ሳይሆን፣ እንግዳው ሄዶ የሚያወራውን ነው ብዬ አሰብኩ። ይኸው እያወራሁ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጋኑ አጠገብ ቆሞ መለኪያ ማፍጠጥ ለማንም አይረባም ብላ ትርንጎ አማኑኤል ያሉት አባቷ ጋ ወሰደችኝ። መንገዱ አጭር ነው፣ ጤፉ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ። ረቡዕ ስለነበር የጾም በያይነት ቀረበልን። ስበላ እንደ ሕፃን ያጎርሱኛል። ሽሮ ሜዳ ሽሮ እንዳለ ስነግራቸው ስሙማ አለ፣ ሽሮውስ አሉኝ።

የመስታወቱን ነገር ሁሉ ያውቁታል። ጋኑን ጠበል ልርጨው ብለው ልጃቸውን አስቀድመው ጠይቀዋት ኖሯል፤ እርጥበት አይሆንም ብላቸዋለች። ቅር አላላቸውም። ዕቃው ካልሆነ ባለቤቶቹ ይሁኑ አሉና እኔንና እሷን ግቢው መካከል አቁመው በቀዝቃዛው ጠበል እስከ ወገባችን አረሰረሱን። በጥቅምት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ አሜን አልኩ።

ትርንጎ ልብስ ልትቀይር ስትገባ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ልጃቸው ከውጭ ስትመለስ ሰው ምን ይዛ መጣች እያለ ይጠይቃቸው እንደነበር ነገሩኝ። መኪና አላመጣች፣ ቤት አልሠራች።

“ሰማይ ልታይ ነው የሄደችው አልኳቸው። እዚህስ ሰማይ የለም ወይ አሉኝ። ስለዚህ ነው የተመለሰችው ብዬ መለስኩ” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ይህን በአደባባይ ተናግሬያለሁ ልጄ። ቃሌ መሬት እንዳይወድቅ።”

መለኪያው የሚለውን ነው የምንሰማው አልኳቸው። እሳቸውም እውነት ነው አሉ። ወደ ማርቆስ ስንመለስ ትርንጎ አባቴ ምን አሉህ ብላ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሽሮ አወራን አልኳት።

አራተኛው ቀን

ጋኑ ሐሙስ ረፋድ ላይ ባዶ ሆነ። መለካቱ ራሱ ረዥም ነገር አይደለም። አምፖሉ ይበራል፣ ብርሃኑ መስታወቱን ነክቶ ይመለሳል፣ የተመለሰው ብርሃን በኮምፒውተር ላይ መስመር ሆኖ ይሣላል። መስታወቱ ከፋብሪካው ሲወጣ የተሣለው መስመር በሰማያዊ እዚያው ይታያል። አዲሱ በቀይ ይመጣል። ቀዩ ከሰማያዊው በታች ከወረደ ምድጃውም፣ የመሪጌታ ቃልም፣ ላቦራቶሪውም በከንቱ ነው።

ቀዩ መሣል ጀመረ። ትርንጎ አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። እኔ ነኝ ያየሁት። ቀዩ ሰማያዊው ላይ ተደርቦ ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ መጨረሻው አብሮት ሄደ። ጫፉ ላይ የፀጉር ያህል ዝቅ ብሏል፣ ያም ከሚፈቀደው በእጅጉ ያነሰ ነው። አላመንኩም። መለኪያው ተሳስቷል ብዬ አምፖሉን አስለውጬ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልለካ ስል ትርንጎ መጥታ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣችው።

“ተወው ሳሚ። ደርሷል” አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሁለታችንም አለቀስን፣ የሚታፈርበት ነገር አይደለም። ከዚያ አባቷ ጋ ደወለች። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ያዘችልኝ፤ መሪጌታ እልል በሉ እያሉ ጎረቤት ይጠራሉ።

ለአጋሮቻችን ውጤቱን ስንልክ መስታወቱ በመንገድ ሳለ የት እንዳደረ መግለጽ ነበረብን። እኔ ለጊዜው በተዘጋጀ ንጹሕ ክፍል ብዬ ላልፈው ነበር። ትርንጎ እውነቱን ጻፍ አለችኝ። ጻፍኩ፤ በወይዘሮ የሺዓለም ቤት፣ ለእርሱ ሲባል ምድጃው ጠፍቶለት። መልሳቸው በዚያው ቀን መጣ። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ግጥሚያው የእናንተ ነው ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ወይዘሮ የሺዓለም የሚባለው ተቋም ስለሚከተለው የአየር ጥራት አሠራር ተጨማሪ ማብራሪያ እንድንልክላቸው ጠይቀዋል። ጋሽ ለገሰ ይህን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ነው የሳቁት።

አምስተኛው ቀን

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ትርንጎም አብራን እስከዚያ ቤት መጣች። በስልክ እንዳትነግራቸው የለመንኳት እኔ ነኝ። ሜዳው ላይ እንደደረስን ጋሽ ለገሰ ሳይነገራቸው አዘገሙ። ሦስታችንም የፈለግነው አንድ ነገር ነበር። ማዶ ከዛፎቹ መካከል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እሳቱ ከወይዘሮ አበባ ቤት ተመልሷል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆኜ ስንት የጋላክሲ ምስል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጭስ ያስደሰተኝ የለም።

ወይዘሮ የሺዓለም መኪናውን አውቀው ደጅ ወጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የትርንጎን ፊት አዩ።

“ዳነ?”

“ድኗል እትዬ። ማርቆስ ነው የሚገጠመው።”

ወይዘሮ የሺዓለም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉና ወደ ማዶ ዞረው ወይዘሮ አበባን ተጣሩ፤ ከዚያ የታችኛዎቹን ሴቶች፣ ከዚያ ሽማግሌውን። ሁሉም እስኪሰሙ ድረስ እየደጋገሙ፣ ድኗል እያሉ ተናገሩ። አያ ስማቸው ከማሳ ሆነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ቀን እምቢ የሚል አልነበረም፤ ገባሁና ምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ ዐይኔን እያስለቀሰኝ ተቀመጥኩ። ቤታችሁ ይጨሳል ያልኩበትን ቤት ጭስ እስከ ሳንባዬ ሳብኩት። ጃኬቴ ዛሬም ጭስ ጭስ ይላል፤ ላቦራቶሪ ይዤው አልገባም፣ አላጠብኩትምም።

ስንነሣ ትርንጎ ቴሌስኮፗ በምትገጠምበት ቀን ባልና ሚስቱ ማርቆስ እንዲመጡ ጋበዘቻቸው። ወይዘሮ የሺዓለም ከልባቸው አሰቡበት።

“እንግዲያ ያን ቀንስ እሳቴን ላጥፋ?” አሉ።

“አይ” አለች ትርንጎ። “ያን ቀን ይንደድ።”

ጋሽ ለገሰ መኪናውን አስነሡ። ዓባይ በረሃ ልንወርድ ስንል ዘወር ብዬ አየሁ፤ ቤቱ ከዐይን ርቋል፣ ጭሱ ግን ይታይ ነበር።